ካሜራ ለልጆችና ለጉዞ፦ «ፉል ፍሬም ካልሆነ ይቅርባችሁ» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ዱባይ ነው። ዘንድሮ ለጥምቀት ሁለት ልጆቿን ይዛ ልትመጣ ትኬት ቆርጣለች። መጀመሪያ ጎንደር፣ ከዚያ ላሊበላ፣ መጨረሻ አዲስ አበባ እናታችን ቤት። ለዚህ ጉዞ ካሜራ ልትገዛ ስታስብ ቆይታ ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «ጋሼ፣ እውነት ነው እንዴ? እንግዲያው ልተወው?» ብላበታለች።

ጽሑፉ ለቤተሰብና ለጉዞ ፎቶ ካሜራ ለሚፈልጉ የተጻፈ ምክር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ፉል ፍሬም መግዛት ካልቻላችሁ ስልካችሁ ይበቃችኋል። ከ40 ሜጋፒክሰል በታች የሆነ ካሜራ አትንኩ። አንድ ረጅም ዙም ሌንስ ሁሉንም ይሠራል። ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ሞቷል። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ቁማር ነው። የቀረውን ካሜራው ራሱ ያስተካክለዋል።

ጸሐፊው ካሜራ እንደሚያውቁ ያስታውቃሉ። ግን ምክሩ የተሰፋው በራሳቸው ልክ ይመስለኛል፤ ካሜራው እንጀራው ለሆነ ሰው። እህቴ ሠርግ አታነሳም። እኔም ባለሙያ ነኝ አልልም። በሥራ ቀን ቢሮ እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ የዘመድ ልደትና ክርስትና አነሳለሁ። ይህን ስሠራ 12 ዓመት ሆኖኛል። በነዚህ ዓመታት ገንዘቤን ያጠፋሁት ብዙውን ጊዜ ልክ እንደዚህ ያለ ምክር እየሰማሁ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ከፉል ፍሬም እንጀምር። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊሜትር የሆነ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ገበታ) ያለው ካሜራ ነው። ክሮፕ የሚባሉት፣ ለምሳሌ የኒኮን ትንንሾቹ፣ ሴንሰራቸው 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ነው። ትልቁ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ይሄ እውነት ነው። አሮጌ ፉል ፍሬም ረክሷል የሚባለውም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 እና በ2012 የወጣው 6ዲ ዛሬ ከአዲስ ትንሽ ካሜራ ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ።

ያልነገሩን ክብደቱን ነው። 6ዲ ከነባትሪው 770 ግራም ይመዝናል። ለጉዞ አብሮት የሚመከረው 24-105 ሌንስ (ቁጥሩ የሌንሱ ሚሊሜትር ነው፤ ሲያንስ ሰፊ ያሳያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል) 670 ግራም ነው። ድምሩ 1,440 ግራም። ይህን አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ፣ በአንድ እጅ የአራት ዓመት ልጅ ይዛችሁ፣ የላሊበላን የድንጋይ ደረጃ ውረዱበት። እኔ ወርጄበታለሁ። በሁለተኛው ቀን ካሜራው ሆቴል ቀርቶ በስልክ ነው ያነሳሁት። ለዚያ ሁሉ ገንዘብ ያተረፍኩት የአንገት ሕመም ነው።

ሌላም አለ። ፉል ፍሬም የሚወደደው ከኋላ ያለውን በማደብዘዙ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ግን ምንድነው? እናቴ ሶፋ ላይ፣ ልጆቹ እግሯ ሥር፣ ሦስት ሰው ከኋላ ቆሞ። ሁሉም ፊት መጥራት አለበት። ያን ጊዜ የሌንሱን ቀዳዳ ታጠባላችሁ (ስፋቱ በኤፍ ቁጥር ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ክሮፑ ኤፍ 4 ላይ የሚያጠራውን ያህል ጥልቀት ለማግኘት ፉል ፍሬሙን ኤፍ 6 ድረስ ማጥበብ ግድ ነው። ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ ይቀንሳል። ብዙ ብርሃን ይሰበስባል ተብሎ የተከፈለበት ብልጫ እዚያው ሶፋ ላይ ተበላ ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ ለብቻው ስታነሱ ብልጫው ይታያል፤ እሱን አልክድም።

አሁን ስልኩ። ጸሐፊው ወይ ፉል ፍሬም ወይ ስልክ ይላሉ፤ መሃል ላይ ያለውን ሁሉ ዘለሉት። ቀን፣ ከቤት ውጭ፣ ሰው ቆሞ ሲነሳ ስልክ ይበቃል። በዚህ እንስማማለን። ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ስልክ በጨለማ የሚያነሳው ብዙ ፎቶ በፍጥነት ደራርቦ አንድ በማድረግ ነው። ለግድግዳ ጥሩ ነው። ኬክ ለመቁረስ ለምትዘል ልጅ ግን እጇ ሦስት ይሆናል። ከኋላ አደብዛዡም ቢሆን የሶፍትዌር ሥራ ነው። የእህቴ ትንሹ ልጅ ጎፈሬ አለው። ስልኳ «ፖርትሬት» ላይ ሲሆን ጎፈሬውን ዙሪያውን ይከረክመዋል፤ ፀጉር ቤት ገብቶ የወጣ ይመስላል።

ስለዚህ እህቴን አንድ ሥራ ሰጠኋት። ካሜራ ከመምረጥሽ በፊት ስልክሽ ውስጥ ገብተሽ፣ ተበላሽተውም ልትጥያቸው የሳሳሽላቸውን 20 ፎቶዎች ላኪልኝ አልኳት። ላከች። 13ቱ ቤት ውስጥ ማታ የተነሱ ናቸው፤ ልጆቹ ተንቀሳቅሰው ደብዝዘዋል። አራቱ ፀሐይ ከኋላ ሆና ፊት የጠቆረባቸው ናቸው። ርቆ ያመለጣት ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛዋን ወፍ ናት ብትለኝ ነው ያመንኳት። የቀረው የጣቷ ፎቶ ነው። ማንም ሰው ካሜራ ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢያደርግ ግማሹ ጥያቄ ይመለሳል። የእሷ ችግር የሴንሰር ስፋት አይደለም። ርቀትም አይደለም። ብርሃን ነው።

ብርሃን ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ ሌንስ ነው። ጸሐፊው ጭራሽ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ዙም፣ 18-200፣ ሁሉን ይሠራል ይላሉ። እኔም በዚህ ተበልቻለሁ። እንዲህ ያለ ሌንስ ገዝቼ ስሜን ተራሮች ሄድኩ፤ ደስ አለኝ። ፀሐይ ሞልቷል፤ ሌንሱም ሠራ። ለነገሩ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጥቂት ሜትር ድረስ ስለሚያስጠጉ ረጅሙን ጫፍ የተጠቀምኩት ለዋልያ ብቻ ነው። ስመለስ የወንድሜ ልጅ ልደት ነበር። ማታ፣ ሳሎን፣ አንድ አምፖል። ካነሳሁት ሁሉ ጥርት ያለው የኬኩ ፎቶ ብቻ ሆነ፤ ኬክ አይሮጥማ።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ 35 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ የሚከፍተው ኤፍ 4.5 ገደማ ነው። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ትንሹ 35 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፍታል። ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ብርሃን ነው። በሰከንድ 1/30ኛ ታነሱት የነበረውን ፎቶ ወደ 1/180ኛ አካባቢ ታደርሱታላችሁ ማለት ነው። በመጀመሪያው የሚዘል ልጅ ጭስ ይሆናል። በሁለተኛው ዓይኑ ይታያል። ሌንሱ ላይ ያለው የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ በዚህ አይረዳም። እሱ የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ ነው፤ ልጁን አይደለም።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ የካኖንን ርካሹን 50 ሚሊሜትር ይገዛል። ጸሐፊውም በግርጌ ማስታወሻ መልክ «ካስፈለገ 50 ጨምሩ» ብለው አልፈዋል። ጥሩ ሌንስ ነው፤ 160 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ግን ክሮፕ ካሜራ ላይ ሲገባ ይጠባል። ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ቆማችኋል እንበል፤ ሶፋው አራት ሜትር ርቀት ላይ ነው። 50ው የሚያሳያችሁ 1.8 ሜትር ስፋት ነው። ሁለት ሰው፣ ቢጠጋጉ ሦስት። አጎት ተቆርጦ ይቀራል። የኒኮኑ 35 ከዚያው ቦታ 2.7 ሜትር ያሳያል፤ ሶፋው ሙሉ ገባ። የካኖን ቀጭኑ 24 ሚሊሜትር ደግሞ 3.7 ሜትር ያሳያል፤ ግን የሚከፍተው ኤፍ 2.8 ድረስ ስለሆነ ከብርሃን ትንሽ ታጣላችሁ። የካኖን ሰው ከሆናችሁና ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ 24ቱ ይሻላል። አንድ ልጅ ብቻ በመስኮት ብርሃን ማንሳት ለሚወድ 50ው ይሁንለት።

ኪት ሌንሱን አትሽጡት። ሰው ሲንቀው እሰማለሁ፤ እኔም ንቄው ነበር። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ቆማችሁ ወደ ታች ስታነሱ 35ው አይበቃችሁም፤ 18ቱ ሰፊ ጫፍ ነው የሚያስፈልገው። ውስጥ ስትገቡም ቢሆን ግድግዳና ዓምድ አይንቀሳቀስም። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 አድርጋችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ፣ በ1/20ኛ ቢሆንም ይወጣል። የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያው የሚጠቅመው ያኔ ነው። ፍላሽ ግን አጥፉ። ለሥዕሉም ለሚጸልየው ሰውም ሲባል።

ሜጋፒክሰሉን ቶሎ ልለፈው። 24 ሜጋፒክሰል ማለት 6000 በ4000 ነጥብ ነው። ኤ4 ወረቀት ላይ በጥራት ለማተም 9 ሜጋፒክሰል አይሞላም። ለሳሎን ግድግዳ 30 በ45 ሴንቲሜትር አሳትማለሁ ብትሉ እንኳ 20 ሜጋፒክሰል ይበቃል። ደግሞ ብዙዎቻችን ፎቶውን የምናየው በቴሌግራም ነው። እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጨምቀዋል። ጥራቱ እንዳይቀንስ ከፈለጋችሁ እንደ ፋይል ላኩት። ይህ ምክር በነፃ ነው፤ 40 ሜጋፒክሰሉ በነፃ አይደለም።

ዲኤስኤልአር ሞቷል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ካኖንም ኒኮንም ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ (መስታወት የሌለው ካሜራ) አዙረዋል። አዲስ ዲኤስኤልአር ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ግን ለእኛ ትልቁ ዜና ይሄው ነው። ሰው ሚረርለስ ሊገዛ የነበረውን እየሸጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኒኮን ዲ3500 ሞተ ተብሎ ሴንሰሩ አልደከመም። ከነባትሪው 415 ግራም ነው፤ 35ቱን ሌንስ ሲይዝ 615። ከ6ዲው ጥቅል ግማሹ እንኳ አይሞላም። በአንድ ቻርጅ 1,550 ፎቶ ያነሳል ተብሎ ነው የተመዘነው። ብዙ ሰው የሚወደው ሶኒ ኤ6000፣ የ2014 ሚረርለስ፣ በዚያው ሚዛን 360 ነው። መብራት በሚሄድበት ከተማ፣ ወይም ስሜን ላይ ድንኳን ውስጥ ለሚያድር ሰው፣ ይህ ቁጥር ከሜጋፒክሰል ይበልጣል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። አዳዲሶቹ ሚረርለሶች የልጅን ዓይን ይዘው ይከተላሉ። ልጁ ሲሮጥ ፎከሱ አብሮት ይሮጣል። ዲ3500 ያለው 11 የፎከስ ነጥብ ነው፤ ይህን አይሠራላችሁም። እኔ የመሃሉን ነጥብ ብቻ እጠቀማለሁ፤ ደጋግሜ አነሳለሁ፤ ከአምስት ሁለቱ ይወጣሉ። ገንዘብ ያለው ካኖን አር50ን የመሰለ 375 ግራም የምትመዝን ሚረርለስ ቢገዛ አልከራከርም። የእህቴ በጀት ግን ከሌንሱ ጋር እዚያ አይደርስም። ካሜራውን ብቻ ገዝታ በኪት ሌንስ ብትቀር ደግሞ ወደዚያው ጨለማ ሳሎን ተመለሰች።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዲ3500ን የመሰሉት ትንንሽ ኒኮኖች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። ሞተሩ ሌንሱ ላይ መኖር አለበት። አሮጌውን «ዲ» ምልክት ያለበትን 50 ሚሊሜትር ርካሽ ነው ብላችሁ ብትገዙ ፎከሱን በእጃችሁ ስታዞሩ ልጁ ይሞሸራል። ስሙ ላይ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ፈልጉ።

ያገለገለ መግዛት ቁማር ነው ለሚለው፣ ቁማሩን እኔም ተበልቻለሁ። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ «ምንም አልተነካም» ተብሎ የተሸጠልኝ ካሜራ በሦስተኛው ወር ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ተሰነከረ። ኋላ ሳጣራ ስንት ሠርግ የዳረ ካሜራ ኖሯል። ግን ጥፋቱ የኔም ነው፤ ሳላይ ገዛሁ። ማየት ደግሞ አሥር ደቂቃ ነው።

ኒኮን ከሆነ አንድ ፎቶ አንሡና ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። ካኖን በአብዛኛው ይህን ፎቶው ላይ አይጽፍም፤ ለብቻው ፕሮግራም ይፈልጋል። ካኖን 6ዲ ለ100,000 ጊዜ፣ 5ዲ ማርክ 2 ለ150,000 ጊዜ ነው የተሠሩት። ትንንሾቹ 100,000 ብላችሁ አስቡ። ከዚያ በኋላ ይሞታሉ ማለት አይደለም፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት። ቀጥሎ ቀዳዳውን ኤፍ 16 አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት አንሡ፤ ሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ነጥብ ይጸዳል። ጭረት ግን አይጸዳም። ከዚያ ክዳኑን ዝጉና አይኤስኦ 1600 ላይ አንድ አንሡ። ጥቁሩ ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ተዘርቶ ካያችሁ ተመልሳችሁ ሂዱ።

ሌንሱን ደግሞ በስልካችሁ መብራት ከጀርባ አብርታችሁ በፊት በኩል እዩት። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ይህን ለእህቴ ሁለት ጊዜ ጻፍኩላት። ዱባይ ያለው ወበቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ለተረሳ ሌንስ ጥሩ አይደለም። አዲስ አበባ በዚህ በኩል ደህና ናት፤ እኛን የሚጨርሰን አቧራው ነው።

አዲስ መግዛት ዋስትና አለው ይላሉ ጸሐፊው። ልክ ነው፤ ዋስትናው የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ የተገዛበት አገር ላይ ነው። እኛ ጋ «አዲስ» የሚባለው ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ በሰው ሻንጣ የመጣ ነው። ቢበላሽ ያው ሰው ፍለጋ ነው። በብር ስንት ያወጣል ለምትሉኝ፣ ቁጥር ባልጽፍ ይሻላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የካሜራ ዋጋ በወር ውስጥ ሲለወጥ አይቻለሁ።

መጨረሻ ላይ ጸሐፊው «የቀረውን ካሜራው ያስተካክለዋል» አሉ። ጥምቀትን አንስተው ያውቁ ይሆን? ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚገምተው። ፍሬሙን ሙሉ ነጠላና የሀገር ልብስ ሲሞላው ይደነግጣል፤ ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ፣ ፊታችን ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጭኖ ከ0.7 እስከ 1 መጨመር ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። እኩለ ቀን ላይ ሲሆን ደግሞ ብትጨምሩ ጥለቱ ይጠፋል፤ ባትጨምሩ ፊት ይጠፋል። ያን ጊዜ ሰውየውን ወደ ጥላ ሳቡት። እሺ ካላለ በሮው (ካሜራው ሳያስተካክለው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱና ቤት ገብታችሁ አስተካክሉ። ለልደት ግን ሮው አያስፈልግም፤ ማን ቁጭ ብሎ 300 ፎቶ ያስተካክላል?

ጎንደር ላይ ሌላም ነገር አለ። ጥር 11 ንጋት ላይ ፋሲል መዋኛ ባሕረ ጥምቀቱ ሲባረክ ብርሃኑ ገና ነው፤ 35ው እዚያ ይጠቅማል። ከቡራኬው በኋላ ወጣቱ ሲዘል ውኃው ሁሉም ጋ ይደርሳል። እነዚህ ትንንሽ ካሜራዎች ውኃ አይችሉም። ሌንሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው የፌስታል ከረጢት ይበቃል። ጸበሉ ለእናንተ እንጂ ለካሜራው አይደለም።

ትናንት ማታ እህቴ መልእክት ላከች። ዲ3500 ከነኪት ሌንሱ አግኝታለች፤ የሹተሩ ቁጥር 6,200። ነጭ ወረቀቱንም አንስታ ልካልኛለች፤ ንጹሕ ነው። ሌላ ሻጭ ጋ ያየችው 35 ሚሊሜትር ግን በመብራት ስታየው ጥጉ ላይ ቀጭን ድር አለበት። «ግን እኮ በግማሽ ዋጋ ነው ጋሼ» አለችኝ። ተይው አልኳት። አኩርፋ ስልኩን ዘጋች። ጠዋት ሌላ ሻጭ ልካልኛለች።